ከነጩ ግንብ እስከ ፍል ውሃው መንደር

ሂሜጂ ጣቢያ ላይ ከባቡር ወርዶ ግንቡን አለማየት አይቻልም። ከጣቢያው በር የተነሣው ሰፊ ጎዳና አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ሄዶ የሚያበቃው እሱ እግር ሥር ነው። ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበ ነጭ ሕንፃ፣ ክንፉን ዘርግቶ ሊነሣ የተዘጋጀ ይመስላል። ጃፓኖችም በአንዲት ነጭ የውሃ ወፍ ስም ይጠሩታል።

«ይሄ ሁሉ እንጨት ነው?» አሉ እትዬ፣ መንገዱ መሀል ቆመው።

እትዬ ኦሳካ የሚሠራ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። ልጃቸው ቅዳሜም ሥራ ነበረው። ዓርብ ማታ ሻይ እየጠጣን «ነገ እናቴን የት ትወስጃታለሽ?» ሲለኝ ሂሜጂን አነሣሁ፤ እሱ ኪኖሳኪ የሚባለውን የፍል ውሃ ከተማ ጨመረበት። ካርታው ላይ ስናየው ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቀጭን የባቡር መስመር አለ፤ ከደቡቡ ባሕር ተነሥቶ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ሰሜኑ ባሕር የሚወጣ። የተቸገርነው ማደሪያ ላይ ነው። ጊዜው የኅዳር መጨረሻ ነበር፤ በሰሜኑ ባሕር የሸርጣን ወቅት ስለሆነ የኪኖሳኪ ማደሪያ ቤቶች ክፍሉን ከሸርጣን እራት ጋር አንድ አድርገው በውድ ነው የሚሸጡት፤ ቅዳሜ ደግሞ ይሞላል። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ጾም ባይሆንም እትዬ ሸርጣን የሚባል ነገር አፋቸው አይገባም። ብዙ ቦታ ከደወልን በኋላ አንዲት ትንሽ ቤት ያለ እራት አንድ ክፍል ሰጠችን። ጉዞው የተወሰነው በዚያች ስልክ ነው።

ወደ እትዬ ጥያቄ ስመለስ፣ አዎ፣ እንጨት ነው። ድንጋዩ መሠረቱ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አካል እንጨትና ጭቃ ሆኖ ላዩ በኖራ ተለስኗል። ኖራው በቃጫና ከባሕር አረም በሚወጣ ሙጫ ተለውሶ የሚለጠፍ ነው፤ የጣሪያው ሸክላ መጋጠሚያ ሳይቀር በዚሁ ስለሚደፈን ግንቡ ከሩቅ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ይታያል። የተለሰነው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጠላት እሳት ቢለኩስ እንጨቱ ቶሎ እንዳይያያዝ ነው። የዛሬውን ዋና ግንብ ያሠራው የሾጉኑ የቶኩጋዋ ኢኤያሱ አማች ኢኬዳ ቴሩማሳ ነው፤ ሥራው በ1601 ተጀምሮ በ1609 አለቀ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ግንባቸውን ከማስጀመራቸው ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ከዋናው በር ከተገባ በኋላ ያለው መንገድ ተንኮል የተሞላ ነው። በሮቹ በጥንቱ የፊደል ተራ ነው የሚጠሩት፤ በእኛ ሀ በር፣ ለ በር፣ ሐ በር እንደማለት። ግንቡ እዚያው ፊት ለፊት እየታየ መንገዱ በድንገት ጀርባውን ሰጥቶት ይታጠፋል፤ ይወርዳል፤ አንገት ደፍቶ በሚታለፍ ጠባብ በር ይሾልካል። በየማዕዘኑ ነጩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ክቡ፣ ሦስት ማዕዘኑና አራት ማዕዘኑ ለጠመንጃ፣ ቁመተ ረጅሙ ለቀስት። አንዱ በር ላይ ቆሜ ወደ ላይ ሳይ በአንድ ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ እንደምታይ ገባኝ። የድንጋዩ ካብ ውስጥ ደግሞ ከጥንት መቃብሮች ወጥተው የተገነቡ የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖች አሉ። ድንጋይ ሲያጥር ሙታንም አዋጥተዋል።

ይህ ሁሉ ብልሃት የተደከመበት እንግዳ መንገድ እንዲስት ነበር። ሆኖም ቴሩማሳ ካስጨረሰው ወዲህ ይህን ግንብ ተዋግቶ የያዘው ጠላት የለም። ዛሬ መንገዱ ላይ ቀስት ተቀብቶ፣ ገመድ ተወጥሮ፣ ጠባቂ ቆሞ «በዚህ በኩል» ይላል።

መግቢያው ላይ ጫማ ወልቆ በፕላስቲክ ከረጢት ይያዛል። የአራት መቶ ዓመቱ ወለል በካልሲ ተወልውሎ መስታወት ሆኗል፤ በኅዳር ደግሞ ብርዱ በእግር መዳፍ በኩል ነው የሚገባው። ውስጡ ባዶ ነው። ወርቅ ወይም የተጌጠ ዙፋን የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ገዢዎቹ የሚኖሩት ታች ባለው ቤት ስለነበር ማማው የጦር መሣሪያ ማስቀመጫና የመጨረሻ መሸሸጊያ ነበር። በውጭ ሲታይ አምስት ፎቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከምድር ቤቱ ጋር ሰባት ነው። ይህም ከተንኮሉ አንዱ ነው።

«ይሄ ደረጃ ነው ወይስ መሰላል?» እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው፣ በአንድ እጅ መደገፊያውን፣ በሌላው ጫማቸውን ይዘው ወጡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ግዙፍ ምሰሶ ሥር ቁጭ ብለው «እኔ ከዚህ ወዲያ አልሄድም፤ አንቺ ሄደሽ አይተሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

የተቀመጡበት ምሰሶ የዚህ ሕንፃ ትልቁ ምስጢር ነው። ምሥራቅና ምዕራብ የቆሙት ሁለቱ ዋና ምሰሶዎች ከምድር ቤቱ ተነሥተው እስከ ላይኛው ፎቅ የሚዘልቁ፣ ወደ 25 ሜትር የሚጠጉ ናቸው። ሁሉም ፎቅ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው። ከ1956 እስከ 1964 ግንቡ ምሰሶ በምሰሶ ተፈትቶ እንደገና ሲገጣጠም የምዕራቡ መበስበሱ ታወቀ። የሚተካው ዛፍ ከኪሶ ተራሮች ተቆርጦ ሲጓጓዝ ተሰበረ፤ በመጨረሻ የቆመው ከሁለት ዛፍ የተጋጠመ ምሰሶ ነው። መጋጠሚያው እትዬ ያረፉበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይታያል። እዚያ ቁጭ ብለው ያዩት እኔ ላይ ወጥቼ ካየሁት ይበልጣል፤ ላይ ያለው አንዲት ትንሽ የአምልኮ ቤትና የከተማው ጣሪያ ነው።

ግንቡ እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት አንድ አይደለም። በ1873 የሜጂ መንግሥት የአሮጌው ሥርዓት ግንቦች አያስፈልጉም ብሎ አብዛኞቹ እንዲፈርሱ ወይም እንዲሸጡ አዘዘ። እንደሚነገረው የሂሜጂ ግንብ በጨረታ የተሸጠው በ23 የን ከ50 ሴን ነው፤ ገዢው የጣሪያውን ሸክላ ነቅሎ ሊሸጥ አስቦ የማፍረሻው ወጪ ስላልተቻለው ተወው። በ1878 ናካሙራ ሺጌቶ የተባለ ኮሎኔል ይህ ይጠበቅ ብሎ ለመንግሥት አመለከተ። በሐምሌ 1945 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን በአንድ ሌሊት አነደዷት። ነጭ መሆኑ እንዳያጋልጠው ግንቡ ጥቁር መረብ ለብሶ ነበር፤ የወደቀበት ተቀጣጣይ ቦምብም ሳይፈነዳ ቀረ። ያ ሁሉ ቀዳዳና ጠማማ መንገድ ከሰማይ ለመጣ እሳት ምን ይሠራል? ያዳነው ዕድል ነው። በዚያው ዓመት የናጎያ፣ የኦካያማና የሂሮሺማ ግንቦች ጠፍተዋል። ከጥንቱ ዘመን ሳይወድቁ የቀሩ ማማዎች በመላ ጃፓን 12 ብቻ ናቸው።

ቱሪስት የሚጎርፍበት የኦሳካ ግንብ ከእነዚህ ውስጥ የለም። የዛሬው በ1931 በከተማው ነዋሪ መዋጮ በኮንክሪት የተሠራ ነው፤ አሳንሰርም አለው። እትዬ ይህን በነገርኳቸው ጊዜ «ታዲያ ለምን እዚያ አልወሰድሽኝም?» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። ለእኔ ግን ሁለቱ አይወዳደሩም። ኦሳካ ሙዚየም ነው፤ ሂሜጂ ላይ የሚረገጠው ወለል ያኔ የተረገጠው ነው። በ2015 ኖራው ታድሶ ሲገለጥ ነዋሪው «ከመጠን በላይ ነጣ» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ሻጋታና ዝናብ መልሰው እያደበዘዙት ነው።

ሐማካዜ የሚባለው ፈጣን ባቡር ከኦሳካ መጥቶ ሂሜጂ ላይ አቅጣጫ ይቀይራል። ከኦሳካ የመጡት ተሳፋሪዎች ባቡሩ ሲቆም ተነሥተው፣ የወንበራቸውን ፔዳል ረግጠው፣ ማንም ሳያዝዛቸው ሁሉም በአንዴ ወደ ፊት አዞሩት። እትዬ ሳቁ። መስመሩ መሀሉ ላይ ኤሌክትሪክ የሌለው ክፍል አለው፤ ስለዚህ ባቡሩ የሚሄደው በናፍጣ ነው፤ ዳገቱ ላይ ያጓራል። ኮንቢኒ ከሚባለው ሱቅ የገዛነውን በኮምጣጣ ፕለም የተሞላ የሩዝ ድብልብል በላን። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ የባቡር ምሳ አላገኘሁም። ከሸለቆው ስንወጣ ቶዮኦካ የሚባለው ሜዳ ይመጣል፤ የጃፓን የመጨረሻው የዱር ሽመላ በ1971 የሞተው እዚህ ነው። ሰዎች ከውጭ ያስመጧቸውን አራብተው በ2005 መልሰው ለቀዋል፤ አሁን የሩዝ ማሳው ውስጥ ይመላለሳሉ።

ሽመላው ከፍል ውሃው ጋር ታሪክ አለው። ከኪኖሳኪ ሰባት የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች አንዱ የሚገኘው፣ እንደ አፈ ታሪኩ፣ እግሩ የቆሰለ ሽመላ ሲነከርና ሲድን በታየበት ቦታ ነው። ሌላኛው ዶቺ የተባለ የቡድሃ መነኩሴ ሺህ ቀን ጸልዮ በ720 ውሃ አፈለቀበት ይባላል። እትዬ ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የት ገዳም ነው የነበሩት?» ጸልዮ ውሃ ያፈለቀ መነኩሴ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም።

ማደሪያችን ስንደርስ ጫማችንን በር ላይ ተቀበሉን፤ እስከ ማግስቱም አላየነውም። በምትኩ ዩካታ የሚባለው ቀጭን የጥጥ ልብስ፣ ላዩ ላይ የሚደረብ ካፖርትና ከእንጨት የተሠራ ነጠላ ጫማ ተሰጠን። እትዬ ልብሱን ቀኙን በግራው ላይ አድርገው ሲያስሩ የቤቱ ባለቤት ደንግጣ ሮጠች፤ ፈታ መልሳ ግራውን በቀኙ ላይ አደረገችው። ቀኙን ከላይ አድርጎ የሚለብሰው ሬሳ ብቻ ነው።

ማታ ኪኖሳኪን የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ሰዉ ሁሉ ውጭ ነው። ወይን ጠጅና ሰማያዊ ዩካታ የለበሱ ቤተሰቦች ከአንዱ መታጠቢያ ቤት ወደ ሌላው በወንዙ ዳር፣ አኻያ ዛፎች ሥር፣ የእንጨት ጫማቸውን እያንቋቁ ይሄዳሉ። ማደሪያ ያለው እንግዳ ሰባቱም ቤት በነፃ ይገባል። የከተማው ሰዎች ይህን ሲያስረዱ ጣቢያው መግቢያችን፣ መንገዱ ኮሪደራችን፣ ማደሪያዎቹ ክፍሎቻችን፣ የሕዝቡ መታጠቢያ የጋራ ገንዳችን ነው ይላሉ፤ ከተማው በሙሉ አንድ ማደሪያ ቤት ነው ማለታቸው ነው። ሲሰሙት ማስታወቂያ ይመስላል። ከበስተኋላው ግን ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ሙግት አለ።

ጥንት የማደሪያ ቤቶቹ የራሳቸው ፍል ውሃ አልነበራቸውም፤ እንግዳም ነዋሪም የሚታጠበው ውጭ ነበር። በ1925 ግንቦት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ከተማውን አወደመው። ነዋሪዎቹ መንገዱን አስፍተው፣ የወንዙን ዳር በጥቁር የባዛልት ድንጋይ ገንብተው እንደገና ሠሩት። (ድንጋዩ በዚያው መንቀጥቀጥ ከአጠገቡ ካለው የጌንቡዶ ዋሻ የረገፈ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማቱያማ ሞቶኖሪ የተባለ የጂኦፊዚክስ ሊቅ በዚሁ ዋሻ ባዛልት ላይ ባደረገው ምርምር፣ የምድር ማግኔት ሰሜንና ደቡቡን ተቀያይሮ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አገኘ። ሰው በእግሩ እየተረማመደ የሚያልፈው ድንጋይ ይህን ያህል ወሬ አለው።) በ1927 አንድ ማደሪያ ቤት በግቢው ውስጥ የራሱን የፍል ውሃ መታጠቢያ ሠራ። ከተማው ተነሣ፤ «ውሃው የሁላችን ነው» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ጦርነት መጣ፣ ጦርነት አለቀ፣ ክርክሩ ቀጠለ። የተቋጨው በ1950 በእርቅ ነው። ምንጩ በጋራ አስተዳደር ሥር ሆነ፤ ማደሪያ ቤቶችም መታጠቢያ እንዲኖራቸው ተፈቀደ፤ መጠኑ ግን ተወሰነ። ትልቁና ያማረው ገንዳ መንገድ ላይ ቀረ።

ሌሎች የፍል ውሃ ከተሞች እንግዳው ከገባበት ትልቅ ሆቴል እንዳይወጣ ምግቡንም፣ ሱቁንም፣ መታጠቢያውንም ውስጥ አስገቡለት፤ መንገዱ ሞተ። እዚህ ግን አይስክሬም ሻጩም፣ የዕቃ መደብሩም፣ እስከ ሌሊት ክፍት የሆነው የጨዋታ ቤትም ሰው አለው። ሂሜጂ ላይ ያየነው መንገድ እንግዳን ለማሳት የተሠራ ነበር፤ ይሄኛው እንግዳን ለማስወጣት ነው። እኔ ከኪኖሳኪ የወደድኩት ውሃውን ሳይሆን ይህን ነው።

ውሃውም ቢሆን አይናቅም። በ1948ቱ የጃፓን ሕግ መሠረት ከምድር ሲወጣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ፍል ውሃ ይባላል፤ ከዚያ የቀዘቀዘም ቢሆን ከተዘረዘሩት ማዕድናት አንዱን በቂ አድርጎ ከያዘ ስሙ አይነፈገውም። ኪኖሳኪ ላይ የሚወጣው እጅግ የሚያቃጥል፣ ጨው ያለበት ነው፤ ገንዳ ውስጥ ሲገባ 42 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ጨው ያለበት ውሃ ቆዳ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል ይባላል። እውነትም ከወጣን በኋላ በኅዳር ብርድ ደረታችን እንደሞቀ ነበር የምንሄደው።

«እንዲሁ ራቁቴን?» አሉ እትዬ መጋረጃው በር ላይ። ሴቶች ብቻ እንደሆኑ ስነግራቸው አሰብ አድርገው «ሴት ለሴት ከሆነማ ፀበልስ እንደዚሁ አይደል» ብለው ገቡ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ተብሎ ሰውነት በሳሙና ይታጠባል፤ ሳሙናው ተለቅልቆ እስኪያልቅ ድረስ ገንዳው አይነካም። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትገባም፤ ሰዉ አጥፎ ራሱ ላይ ያደርጋታል። እትዬ አንድ እግራቸውን ነክረው ወዲያው አወጡ። «ሊቀቅሉን ነው እንዴ!» አጠገባቸው የነበሩ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት በእንጨት ባልዲ ከገንዳው ቀድተው መጀመሪያ እግራቸው ላይ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው ላይ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ላይ አፈሰሱላቸው። ሰውነት እንዲህ ቀስ በቀስ ከለመደ በኋላ ነው የሚገባው። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ እስከ አንገታቸው ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

የጨነቀኝ የእትዬ አንገት ነበር። በልጅነታቸው የተነቀሱት ሐብል መሰል ንቅሳትና መሀሉ ላይ ያለው መስቀል ከሩቅ ይታያል። በጃፓን ብዙ መታጠቢያ ቤቶች በር ላይ ንቅሳት ያለው አይገባም የሚል ጽሑፍ አለ፤ ንቅሳት ያኩዛ የሚባሉት የወንበዴ ቡድኖች ምልክት ሆኖ ስለኖረ ነው። ደንቡ ግን ወንበዴንና አያትን አይለይም። በ2013 ሆካይዶ ውስጥ በባህሏ መሠረት ፊቷ ላይ የተነቀሰች የኒውዚላንድ ማኦሪ ሴት ከአንድ መታጠቢያ ቤት በመመለሷ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የኪኖሳኪ ሰባቱ ቤቶች ሁሉንም ይቀበላሉ። አሮጊቷ የእትዬን አንገት በጣታቸው አመለከቱና «ኪሬይ» አሉ፤ ያምራል ማለታቸው ነው። እትዬም የሴትየዋን ፀጉር አመልክተው በአማርኛ መረቁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንዳንዶቹ መታጠቢያ ቤቶች ሲከፈቱ ቀድሞ ለገባ ወንድና ሴት የእንጨት ምልክት ይሰጣል። ለዚያች እንጨት ብለው በብርድ የተሰለፉ ትልልቅ ሰዎች አይተናል። እኛ ወደ ጣቢያ ነበር የምንሄደው፤ በመመለሻው መስመር ላይ ታኬዳ አለ።

ታኬዳ የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ በ353 ሜትር ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ጣሪያም ምሰሶም የሌለው፣ የድንጋይ ካብ ብቻ የቀረው። አውቶቡሱ ካወረደን በኋላ ሽቅብ መሄድ ነበረብን፤ እትዬ የሂሜጂን ደረጃ የረገሙትን ያህል ይህን አልረገሙም፣ «ይሄማ አፈር ነው» ብለው ከእኔ ቀደሙ። ካቡ ያልተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ትልቁ በትልቁ ላይ ተደግፎ፣ ክፍተቱ በጠጠር ተሞልቶ፣ ዝናቡ በውስጡ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ። ያለ ማጣበቂያ አራት መቶ ዓመት ቆሟል። የመጨረሻው ገዢ አካማትሱ ሂሮሂዴ በ1600ው የሴኪጋሃራ ጦርነት በተሸናፊው ወገን ነበር፤ በኋላ ወደ አሸናፊው ቢዞርም አላዳነውም፣ ራሱን እንዲያጠፋ ታዘዘ። ግንቡም ያኔ ተተወ። ኢኤያሱ ለአማቹ ሂሜጂን የሰጠው በዚያው ጦርነት ማግስት ነው፤ አንድ ቀን ያሸነፈና የተሸነፈ ወገን ምን እንደቀረለት በአንድ የባቡር መስመር ላይ አየን።

ፍርስራሹን ታዋቂ ያደረገው ጭጋግ ነው። በመከር ጥርት ያለ ንጋት ከታች ካለው ወንዝ የሚነሣው ጭጋግ ሸለቆውን ሞልቶ ካቡ ብቻ በደመና ላይ እንደተቀመጠ ይታያል። ተዋናዩ ታካኩራ ኬን እዚህ የተቀረጸበት የመጨረሻ ፊልሙ በ2012 ከታየ በኋላ ሰው ጎረፈ፤ ሣሩ ተረግጦ አፈሩ መሸርሸር ስለጀመረ አሁን የሚሄዱበት መንገድ በገመድ ተከልሏል። ዘመን ያልጣለውን ካብ ጎብኚ ሊጥለው ነበር። እኛ ስንደርስ ፀሐዩ ወጥቶ ጭጋጉ ተበትኗል። የቲኬት ሠራተኛው እንዳስረዳን ደግሞ ግንቡ ላይ የቆመ ሰው ቀድሞ ቢመጣም ተንሳፋፊውን ግንብ አያይም፤ ለዚያ ገና ሳይነጋ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ መውጣት አለበት፣ ያውም ለመድረስ ታች መንደሩ ውስጥ ማደር ይሻላል።

እትዬ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ በእጃቸው ጋርደው ትንሽ አዩት። «ዳገቱ ከዚህኛው ይብሳል?» አሉ። ብዙም እንደማይብስ ነገርኳቸው። «እንግዲያማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄም ፈቃድ ይጠይቅ፤ አንቺም ለማደሪያው ዛሬውኑ ደውዪ» ብለው ቁልቁለቱን ጀመሩ።